ተራ ኑሮ የሚያስተምረው ስዊድንኛ

ስዊድን ወደ አገሯ ለሚገቡ የውጭ ሰዎች ነጻ የቋንቋ ትምህርት መስጠት የጀመረችው በ1965 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ትምህርቱ እያንዳንዱ ኮሙን (የአካባቢ አስተዳደር) የማቅረብ ግዴታ ያለበት፣ ብዙ የተማረውንና ፊደል ያልቆጠረውን በሦስት መንገድ ለይቶ ከኤ እስከ ዲ በተሰየሙ አራት ኮርሶች የሚያሳልፍ ሥርዓት ሆኗል፤ ተማሪው ሁሉ የሚያውቀውም «ኤስኤፍኢ» በሚለው አጭር ስሙ ነው። የዲን ፈተና ያለፈ ሰው ቅጽ ይሞላል፣ የሐኪም ቀጠሮ ይይዛል፣ አጭር ደብዳቤ ይጽፋል። በሥራ ቦታ የቡና ሰዓት ሲደርስ ግን ባልደረቦቹ ስለ ታመመ ልጅ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ልብስ ማጠቢያ ተራ ሲያወሩ ወሬው ያመልጠዋል፤ ቃላቱን ለየብቻ ያውቃቸዋል፣ አብረው ሲሄዱ ግን አይደርስባቸውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በመምህራንም በተማሪዎችም ዘንድ ከሚመረጡት መንገዶች አንዱ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ የተጻፉ አጫጭር ታሪኮችን ማንበብ ነው። ለምን እንደሚጠቅሙ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ቀላል ስለሆኑ» የሚል ነው። እኔ ግን ጥቅማቸው ከቅለታቸው የመጣ አይመስለኝም። ተራ ኑሮ በተፈጥሮው ይደጋገማል፤ አውቶቡሱ፣ ሱቁ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቁርሱ ነገም ተመልሰው ይመጣሉ። ቋንቋም ያለ ድግግሞሽ በአእምሮ አይቀመጥም። የእነዚህ ታሪኮች ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመረጡትና የሚነበቡትም በዚሁ ሚዛን መሆን አለበት።

ማንበብ ቋንቋ ያስተምራል የሚለው አሳብ በ1980ዎቹ በቋንቋ ተመራማሪው በስቲቨን ክራሽን ስም ገንኖ ወጣ። ሰው ቋንቋን የሚለምደው የሚገባውን፣ ግን ከደረጃው ጥቂት ከፍ ያለውን መልእክት በብዛት ሲያገኝ ነው ይላል። በዚያው ዘመን የወጣው ጠንካራ ማስረጃ ከሩቅ አገር፣ ከፊጂ ደሴቶች ነበር። ዋሪክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት በብዛት እንዲያነቡ የተደረጉ የገጠር ተማሪ ቤት ልጆች በተለመደው መማሪያ ብቻ ከተማሩት ይልቅ በንባብም በማዳመጥም በእጥፍ ያህል ፈጥነው መራመዳቸውን አሳዩ። እርግጥ የፊጂ ልጅና በስቶክሆልም ሌሊት የሚሠራ ጎልማሳ አንድ አይደሉም፤ እንግሊዝኛና ስዊድንኛም እንዲሁ። ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ሊወሰድ የሚችለው ትምህርት ጠባብ ነው፦ ልጆቹን የለወጣቸው አንድ የተመረጠ ግሩም መጽሐፍ ሳይሆን የመጻሕፍቱ ብዛት ነው።

ለዚህ አሳብ ከባዱ ፈተና የመጣው ከጃፓን ነው። ሮብ ዋሪንግና ሚሳኮ ታካኪ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ለተማሪ ተቃልሎ የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ታሪክ ያነበቡ ሰዎች በውስጡ ከነበሩ 25 አዳዲስ ቃላት ስንቱን እንደያዙ ለኩ። ወዲያው ትርጉማቸውን ጻፉ ሲባሉ ያስታወሱት ወደ 5 የሚጠጋ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ የቀራቸው በአማካይ አንድ ቃል አይሞላም። ይህን የሚያይ ሰው «ታሪክ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው፤ የቃላት ዝርዝር ይዞ ማጥናት ይሻላል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥናቱ የለካው የአንድን ታሪክ የአንድ ጊዜ ንባብ ነው። እዚያው ውስጥ ደጋግመው የመጡት ቃላት አንዴ ብቻ ከታዩት የተሻለ ተይዘዋል። እንግዲህ ውጤቱ የሚያፈርሰው አንድ ታሪክ ይበቃል የሚለውን እምነት እንጂ ንባብን አይደለም። ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ፣ ተማሪው በዝርዝር ሳይሰለች ያንኑ ቃል አሥር ጊዜ በአዲስ ቦታ የሚያገኘው የት ነው የሚለው ነው። መልሱ ተራ ኑሮ ውስጥ ነው። ቀጠሮ ወይም ተራ ማስያዝን የሚገልጸውን «ቡካ» የተባለ ግስ እንውሰድ። በስዊድን አፓርታማ የሚኖር ሰው ለጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ተራ ይይዛል፤ ለጥርስ ሐኪም፣ ለባቡር፣ ለፀጉር ቤትም እንዲሁ። ስለ አራቱ የተጻፉ አራት አጫጭር ታሪኮች ያነበበ ሰው ቃሉን ሳይሸመድድ ከአራት አቅጣጫ ያገኘዋል። ስለ አንድ የባሕር ወንበዴ፣ ስለ አንድ የጠፈር ጉዞና ስለ አንድ ቤተ መንግሥት የተጻፉ ሦስት ታሪኮች ያነበበው ግን ሦስት ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ክራሽን ራሱ በ1981 አንባቢው በአንድ ርእስ ወይም በአንድ ደራሲ ዙሪያ እንዲቆይ የመከረው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ምክሩ ከታወቁት አሳቦቹ ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ ያሳዝናል።

ድግግሞሹ ግን የሚሠራው አንባቢው በታሪኩ ውስጥ ካልሰጠመ ነው። ሁ እና ፖል ኔሽን በ2000 እንዳሳዩት፣ ሰው ያለ ረዳት በምቾት ለማንበብ ከመቶ ቃላት 98ቱን ያህል ማወቅ አለበት። 200 ቃላት ባሉበት ገጽ ላይ ይህ 4 እንግዳ ቃላት ማለት ነው። ብዙ ተማሪዎች በቅንዓት ተነሥተው የሚይዙት ልብ ወለድ በእያንዳንዱ መስመር መዝገበ ቃላት የሚያስከፍት ነው፤ ከሦስት ገጽ በኋላ መተዋቸው የስንፍና ምልክት አይደለም። አጭር ታሪክ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው፤ በአንድ ማታ ስለሚያልቅ ተመልሶ ሊነበብ ይችላል፤ በሁለተኛው ንባብ ደግሞ እንግዳ የነበረው ቃል የሚጠበቅ ይሆናል።

እስካሁን ያነሳሁት ለማንኛውም ቋንቋ የሚሠራ ነው። ስዊድንኛ ግን የታሪክን መንገድ በተለይ የሚፈልግባቸው ባሕርያት አሉት። ዋናው የግሱ ቦታ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስዊድንኛ በዋና ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ቦታ ይሰጠዋል፤ «ዛሬ» የሚለው ቃል ፊት ከመጣ ባለቤቱ ከግሱ ኋላ ይሄዳል፦ «ኢዳግ ጎር ያግ»፣ ቃል በቃል «ዛሬ እሄዳለሁ እኔ» እንደማለት። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ኢትዮጵያዊ «ኢዳግ ያግ ጎር» ማለት ይቀናዋል፤ ሕጉን በቃሉ እየተናገረም ይስተዋል። ማንፍሬድ ፒነማንና ጊሴላ ሆካንሶን በ1999 በስዊድንኛ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ይህ የቦታ ልውውጥ ከቃላት ቅጥያዎች ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ የጥገኛ ዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ደግሞ ከዚያም በኋላ እንደሚከተል አሳይተዋል። አሉታው «ኢንተ» በጥገኛው ውስጥ ከግሱ በፊት ይገባል፤ የኤስኤፍኢ ተማሪ ይህን «ቢፍ» በሚባል የማስታወሻ ሕግ ይማረዋል። ቅደም ተከተሉ የተወሰነ ከሆነ ንባብ ምን ይለውጣል ሊባል ይችላል። ደረጃው ባይዘለልም፣ ተማሪው ለደረጃው ሲበቃ በፊቱ በቂ ምሳሌ መኖር አለበት። የሰዋስው መልመጃ አብዛኛውን ጊዜ «እኔ»፣ «እሷ»፣ «አና» ብሎ ይጀምራል፤ ስለዚህ ልውውጡ አይታይበትም። ታሪክ የሚተርክ ሰው ግን «በማግስቱ»፣ «ከምሳ በኋላ»፣ «ከዚያ»፣ «በሩ ላይ» እያለ ነው የሚሄደው፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል። አንዲት ሴት ከእንቅልፏ ተነሥታ ሥራ እስክትደርስ የሚተርክ ሁለት ገጽ ጽሑፍ፣ ከብዙ ቀን መልመጃ የበለጠ የዚህ ሕግ ምሳሌ ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ከብዙዎች ቀድሞ ይነሳል። «ቤት» ሲታወቅ «ቤቱ» እንደሚሆነው ሁሉ፣ በስዊድንኛም «ሁስ» ሲታወቅ «ሁሰት» ይሆናል፤ ምልክቱ ከስሙ ጀርባ ይለጠፋል። ልዩነቱ ቅጽል ሲገባ ይጀምራል። እኛ «ትልቁ ቤት» ስንል ምልክቱን ወደ ቅጽሉ አዛውረን ስሙን ባዶ እንተዋለን፤ ስዊድንኛ ግን «ዴት ስቱራ ሁሰት» ብሎ ከፊትም፣ በቅጽሉም፣ በስሙም ላይ ምልክት ያደርጋል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ስም በሰዋስው ጾታው «ኤን» ወይም «ኤት» ነው፤ ከአራት ስሞች ሦስቱ ያህል «ኤን» ናቸው፤ ለምን እንደሆኑ የሚያስረዳ አስተማማኝ ሕግ ግን የለም። በዝርዝር ያጠና ሰው ጾታውን አንድ ጊዜ፣ ከስሙ ጎን ብቻ ያየዋል። በታሪክ ውስጥ ግን አንድ ጎጆ መጀመሪያ «አንድ» ተብሎ ይገባል፣ ቀጥሎ «ጎጆው» ይሆናል፣ ከዚያ ቅጽል ይደረብለታል፣ በመጨረሻም በተውላጠ ስም ይተካል፤ በአራቱም ቦታ ጾታው ይታያል። ያልታወቀው ወደ ታወቀው የሚሸጋገረው ስለ አንድ ነገር በተከታታይ ስንናገር ነውና፣ የተበጣጠሱ ዐረፍተ ነገሮች ይህን ሊያሳዩ አይችሉም። የራሱን ጃኬት ወሰደ በሚለውና የሌላውን ሰው ጃኬት ወሰደ በሚለው መካከል ያለው የ«ሲን» እና የ«ሃንስ» ልዩነትም እንዲሁ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ ጃኬቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን አይስተውም፤ ምክንያቱም አንደኛው ሰውየውን ሌባ ያደርገዋል።

ከሰዋስው ውጭ ያለውንም ማንሳት ያስፈልጋል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ስዊድናውያን ሰውን በማዕረጉ፣ በሦስተኛ መደብ ያናግሩ ነበር። በ1967 የአገሪቱ የሕክምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ኃላፊ ብሩር ሬክሴድ ሠራተኞቹን ሁሉ «ዱ» (አንተ ወይም አንቺ) እንደሚላቸው ሲያስታውቅ፣ አስቀድሞ የተጀመረው ለውጥ ስሙ የሚጠራበት ምልክት አገኘ። ዛሬ ወጣት ነርስ የ80 ዓመት ታካሚን «ዱ» ትላለች። አንቱታን በእናቱ ቤት ለተማረ ሰው ይህን ሕግ ማወቅ ቀላል ነው፤ ከአፍ ማውጣቱ ግን ይከብዳል፤ ሽማግሌን ያዋረደ ይመስለዋል። አክብሮት ከዚያ አገር አልጠፋም፤ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፦ ትእዛዝን በጥያቄ በመለወጥ፣ በ«ታክ» (አመሰግናለሁ) ብዛት፣ ተራን ባለመዝለል፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ በመጠበቅ። ይህን ሰንጠረዥ አያስተምረውም። በጤና ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል የሚካሄድ አንድ ደህና የተጻፈ ታሪክ ግን ነርሷ እንዴት እንደጠየቀች፣ ሽማግሌው እንዴት እንደመለሱ ያሳያል፤ አንባቢውም «ዱ» የተባሉት ሰው አለመከፋታቸውን ያያል።

ከዚህ ጋር የሚነሳው ተቃውሞ የክብር ጉዳይ ነው። በአገሩ መምህር፣ መሐንዲስ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የነበረ ጎልማሳ አና ወተት እንደገዛች የሚተርክ ጽሑፍ ሲሰጠው እንደ ሕፃን የተቆጠረ ይመስለዋል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ተራ ኑሮ ላይ ሳይሆን መጥፎ ጽሑፍ ላይ መሆን አለበት እንጂ። የስዊድን ሥነ ጽሑፍ ራሱ ምስክር ነው። ሴልማ ላገርሎፍ በ1906 እና 1907 በሁለት ክፍል ያወጣችው የኒልስ ሆልገርሶን ታሪክ የተጻፈው የመምህራን ማኅበር ለልጆች የጂኦግራፊ ማንበቢያ ስለፈለገ ነው፤ በታሪክ ማስተማር ይህች አገር ለመጤ ብቻ የፈጠረችው ዘዴ አይደለም። ለጎልማሳ የሚሆነው ግን ስቲግ ዳገርማን በ1948 ለመንገድ ደኅንነት ዘመቻ እንዲጽፍ ተጠይቆ የጻፈው «ልጅ መግደል» የተባለ አጭር ታሪክ ነው። የእሑድ ጠዋት ነው፤ ሰዎች ቁርስ ያዘጋጃሉ፤ ሕፃን ከጎረቤት ስኳር እንዲያመጣ ይላካል፤ ደስተኛ ሰው መኪና ይነዳል። ቃላቱ የወጥ ቤትና የመንገድ ቃላት ናቸው፤ ርዝመቱ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነው፤ የሚሆነውን አንባቢው ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ያም ሆኖ ልቡን አንጠልጥሎ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፊት ማንም ጎልማሳ ተንቄያለሁ ሊል አይችልም። የያልማር ሶደርበርግ የ1898 አጫጭር ታሪኮችም በጥራታቸው የሚወደሱ ናቸው፤ ይሁን እንጂ በመጀመሪያው መልካቸው ዛሬ የቀሩ የግስ የብዙ ቁጥር ቅርጾችን ስለያዙ ለጀማሪ አልመክራቸውም፤ ቆይተው ቢመጡ ይሻላል።

ወደዚያ የሚያደርሰው ድልድይ «ሌትሌስት» የሚባለው ቀለል ተደርጎ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ስዊድን በዚህ ረገድ ብዙ አገሮች የሌላቸው ልምድ አላት፤ የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ከ1968 ጀምሮ መውጣት ጀመሩ፣ «ኦታ ሲዶር» የተባለው ቀላል ጋዜጣ በ1984 ተመሠረተ፣ ከ2015 ወዲህም ሥራው ለሁሉ ተደራሽ መገናኛ ብዙኃንን የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ሆኗል። ተቃዋሚዎች ግን የተቃለለ ቋንቋ እውነተኛ ቋንቋ አይደለም ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ዐረፍተ ነገርን ለማሳጠር ተብሎ «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉት ማያያዣዎች ሲቆረጡ ገጹ ቀላል ይመስላል፤ አንባቢው ግን ነገሩን ከነገር ጋር ራሱ እንዲያያይዝ ይገደዳል፤ ይህ ደግሞ ከረጅም ዐረፍተ ነገር ይከብዳል። ሞኒካ ራይከንበርግ በ2000 በዮተቦርይ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት፣ የመማሪያ ጽሑፎች የምክንያትና ውጤት ትስስራቸው ሲገለጽና የሚናገር ሰው ድምፅ ሲኖራቸው ስዊድናውያን ተማሪዎችም ስዊድንኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነውም የተሻለ እንደተረዷቸው አሳይታለች። ትስስርና ድምፅ ደግሞ የደህና ታሪክ የመጀመሪያ ንብረቶች ናቸው። ስለዚህ ቀላል ጽሑፍ ሲመረጥ የዐረፍተ ነገሩን አጭርነት ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ ሰውየው ያንን ለምን እንዳደረገ ጽሑፉ ይናገራል ወይ ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ የጆሮ ነገር ነው። ስዊድንኛ እንደተጻፈ አይነገርም። «ያግ» ተብሎ የተጻፈው በንግግር «ያ» ይሆናል፤ «እነሱ» የሚለው «ደ» ተብሎ ተጽፎ «ዶም» ተብሎ ይነገራል። የቃላት ዜማም ትርጉም ይለውጣል፦ «ሄልሳ ፖ» ሲባል ኃይሉ በመጀመሪያው ቃል ላይ ካረፈ ሰላምታ መስጠት ነው፤ በመጨረሻው ላይ ካረፈ ግን ሄዶ መጠየቅ። በዝምታ ብቻ ያነበበ ሰው ብዙ ቃል ያከማቻል፤ ሲነገረው ግን አያውቀውም፤ ሲናገርም አይሰማም። እዚህ ላይ ለንባብ ጥብቅና የሚቆም ሁሉ መሸነፉን ማመን አለበት፦ ያልተደመጠ ታሪክ ለስዊድንኛ ግማሽ ትምህርት ነው። መፍትሔው ከመጽሐፉ ጋር የተቀዳ ድምፁን ይዞ መጀመሪያ እያዩ፣ ቀጥሎ ሳያዩ ማዳመጥ ነው። ፊደል ላልቆጠረ ሰውም መንገዱ በድምፅ ይጀምራል፤ በድምፅ ብቻ ይበቃዋል ማለት ግን አይደለም። ኢሌን ታሮንና ማርታ ቢጌሎ በአሜሪካ ሚኔሶታ ከሶማሊያ በመጡ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ የማንበብ ችሎታቸው ያነሰው ሰዎች በአፍ የሚሰጣቸውን የዐረፍተ ነገር እርማት አስታውሶ መድገም ይበልጥ እንደሚያስቸግራቸው ታይቷል። ማንበብ መልመድ ጆሮንም ይስላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ ተማሪ ታሪክ ከሁሉ በላይ ያስፈልገዋል እንጂ ሊቀርበት አይገባም።

መናገርስ? ሜሪል ስዌይን በ1985 በካናዳ በፈረንሳይኛ የተማሩ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን አይታ፣ ለዓመታት ብዙ ሰምተውና አንብበው መረዳታቸው እጅግ ቢያድግም አነጋገራቸው ስሕተት እንዳልለቀቀው ገልጻ፣ ሰው በትክክል እንዲናገር ካልተገፋፋ መረዳት ብቻውን አይበቃውም ብላ ደመደመች። በስዊድን ይህ ማስጠንቀቂያ በእጥፍ ይሠራል፤ አገሬው እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ስለሚናገር መጤው ሲደናቀፍ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይዞርለታል፤ ለማስተርስ ትምህርት የመጣ ኢትዮጵያዊ ዓመታት ኖሮ ስዊድንኛ ሳይናገር ሊመለስ የሚችለውም በዚህ ነው። ታሪክ ግን የሚናገሩት ነገር ይሰጣል። ያነበቡትን በራስ ቃል መልሶ መተረክ፣ ከዚያም ባለታሪኩን ለውጦ «እኔ» ብሎ መተረክ፣ ቃሉ በአፍ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ወዲያው ያጋልጣል። ተራ ኑሮ እዚህም ይረዳል፤ ስለ ታመመ ልጅና ስለ መዋዕለ ሕፃናት ስልክ የተነበበው ታሪክ በሚቀጥለው ሳምንት በራስ ቤት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ዝግጁ ነው።

የሚቀረው ጥያቄ የማን ተራ ኑሮ የሚለው ነው፤ ይህ በበቂ አልተነሳም። በየመማሪያው የሚገኙት ታሪኮች የበጋ ጎጆ፣ ጀልባና የልደት ኬክ ያላቸውን ቤተሰቦች ያዘወትራሉ። ያ ኑሮ እውነት ነው፤ መታወቅም አለበት። ነገር ግን ከአረጋዊ ቤት ወደ አረጋዊ ቤት እየዞረች የቤት ለቤት እንክብካቤ የምትሰጥ ሴት በቀን የምትደጋግማቸው ቃላት የመድኃኒት፣ የካልሲ፣ የቁልፍና የገንፎ ቃላት ናቸው። ከላይ እንዳልኩት ኃይሉ በድግግሞሽ ከሆነ፣ በገጹና በኑሮዋ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ኃይሉ ይቀንሳል። ይህን የሚጽፉ ሰዎች ከመጤዎቹ መካከል ሊወጡ ይችላሉ፤ ቴዎዶር ካሊፋቲደስ ከግሪክ በ1964 መጥቶ በ1969 የመጀመሪያ መጽሐፉን በስዊድንኛ አሳትሟል። በስቶክሆልም ሰፈሮች በሪንከቢና በቴንስታ፣ በዮተቦርይም የሚኖሩ፣ ቋንቋውን የያዙ የአገራችን ልጆችም ስለ ሌሊት ፈረቃ፣ ስለ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ፣ ስለ መጀመሪያው በረዶ በቀላል ስዊድንኛ ሁለት ሁለት ገጽ ቢጽፉ፣ ለሚቀጥለው መጤ ከማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ የቀረበ ነገር ይሰጡታል።

እስከዚያው ያለውን መጠቀም ይገባል፤ ያለውም ጥቂት አይደለም። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የስዊድን የቤተ መጻሕፍት ሕግ፣ ቤተ መጻሕፍት የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስዊድንኛ ላልሆነ ሰዎች ልዩ ትኩረት እንዲሰጡ፣ ቀላል ስዊድንኛ መጻሕፍትንም እንዲያቀርቡ ያዛል። መጻሕፍቱ በነጻ ይወሰዳሉ፤ በብዙ ቤተ መጻሕፍትም የቋንቋ ቡና በሚባለው ሰዓት ፈቃደኛ ስዊድናውያን ከተማሪ ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ። እዚያ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣና አየሩ እንዴት እንደሆነ ተናግሮ ወሬ ያልቅበታል። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አንብቦ ያዳመጠውን አንድ ታሪክ ይዞ ቢሄድና «ሴትየዋ ለምን ለጎረቤቷ አልተናገረችም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያከራክር ነገር በእጁ አለ።